የመርጌታ ድምፅና ሁሉን እሺ ባዩ ተማሪ

ጸደንያ ያንን የኮድ ረዳት ላፕቶፗ ላይ ለመጫን አራት ቀን ፈጀባት። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው ይላሉ፤ እንዲህ የሚሉት ሰዎች ግን መካነ ሰላም አይኖሩም። በመጀመሪያው ቀን መብራት ሄደ። በሁለተኛው መብራቱ መጥቶ ኔትወርኩ ሄደ። በሦስተኛው ሁለቱም ተስማምተው ሲመጡ፣ ላፕቶፑ በተራው ቦታ የለኝም ብሎ አኮረፈ። በአራተኛው ቀን ማሽኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ሀሊማ ሱቅ ወሰደችው።

ሀሊማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተማረች ጓደኛዋ ናት። መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ቤት አላት፤ ስልክ ትጠግናለች፣ ለፈለገ መንዙማ፣ ለፈለገ መዝሙር፣ ለሾፌሮች ደግሞ ዘፈን ትጭናለች። ደህና ኢንተርኔት የሚገኘውም እሷ ዘንድ ነው።

«ይሄ ነገር ምን ያደርግልሻል?» አለች ሀሊማ፣ ስክሪኑ ላይ የሚንቀራፈፈውን መስመር እያየች።

«ፕሮግራም ይጽፍልኛል። በአማርኛ አዘዋለሁ፣ እሱ ይሠራል።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ!» አለች ጸደንያ። የመርጌታ ልጅ ብትሆንም ወሎዬ ናት።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የጸደንያ አባት መርጌታ ኃይለ ማርያም የአቋቋም መምህር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስተምረዋል፤ ከአጅባር እስከ ደጎሎ ማሕሌት የሚመራው ሰው ቢጠየቅ ግማሹ «የእሳቸው ተማሪ ነኝ» ይላል። ድምፃቸውን የሰማ ይመሰክራል፤ ያልሰማ ቀረበት፣ ምን ላድርገው። ታዲያ አምና አንገታቸው ላይ እንቅርት ወጣ። እያደር ትንፋሽ ያሳጥራቸው ጀመር። ደሴ ያያቸው ሐኪም አልሸሸገም፤ ካልወጣ መተንፈሻ ይዘጋል፣ ሲወጣ ደግሞ የድምፅ ነርቭ ሊነካ ይችላልና ድምፅዎ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል አላቸው። መርጌታ «እሱ ያውቃል» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ለቀዶ ጥገናው የተሰጣቸው ቀጠሮ የሁለት ወር ነበር።

ጸደንያ ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ፣ ሥራ ስትጠብቅ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አባቷ «እሱ ያውቃል» ሲሉ እሷ ግን አልተኛችም። በሁለቱ ወር ውስጥ የአባቷን ዜማ በሙሉ ልትቀዳ፣ ከዚያም ማንኛውም ተማሪ በስልኩ እየከፈተ የሚማርበትን ፕሮግራም ልትሠራ ለራሷ ማለች። ብቻዋን እንደማትጨርሰው ስለገባት ነው ያንን ረዳት ያመጣችው።

ቅጂው የተካሄደው በግቢያቸው፣ ጠዋት ጠዋት ነበር። መርጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ይቆማሉ፣ ጸደንያ ስልኳን በርጩማ ላይ ታስቀምጣለች። በአቋቋም ትምህርት አንዱ ቃል አራት ጊዜ ይባላል። መጀመሪያ ቁም ነው፤ በድምፅ ብቻ። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፤ ሰውነት ከመቋሚያው ጋር ይወዛወዛል። ቀጥሎ መረግድ፣ ቀስ ካለ ከበሮ ጋር፤ በመጨረሻ ጽፋት፣ ደሙ ሞቆ፣ በጭብጨባ። ቃሉ አንድ ነው፤ መንገዱ አራት። መርጌታ ከበሮ በሌለበት ጉልበታቸውን እየመቱ መቶ አራት ዜማ በአራት በአራት አስቀዱ። ከዚህ ሌላ ዘጠኝ ጊዜ የግቢው አውራ ዶሮ መሀል ላይ እየጮኸ አበላሽቶባቸው ደግመዋል። የጸደንያ እናት እትዬ አበዛሽ ዶሮው ላይ አስር ጊዜ ዝተውበታል፤ እሱ ግን ያው ነው።

ስልኩ ሲሞላ መርጌታ የስልኩን ሚሞሪ ካርድ ይዘው ገበያ ሲወርዱ ሀሊማ ዘንድ ጎራ ይላሉ። እሷ ቅጂውን ወደ ጸደንያ ፍላሽ ትገለብጠዋለች፤ ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ይዛወራል፤ ካርዱም ፍላሹም ለቀጣዩ ሳምንት ይጠረጋሉ። የሚገርመው፣ መርጌታ ያስቀዱትን መልሰው ለመስማት ፈጽሞ እምቢ አሉ።

«አባየ፣ እስቲ ይቺን ብቻ ስሟት» ትላቸዋለች ልጃቸው።

«ተይኝ ልጄ። የራስን ድምፅ እያጣጣሙ መስማት ውዳሴ ከንቱ ነው» ብለው ይነሳሉ። ከዚያ ያቺን ትንሽ ፍላሽ የምታጫውት የቻይና ሬዲዮናቸውን አንስተው ዜና ሊሰሙ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሰሞኑን ዜና ይወዱ ጀምረዋል፤ ሬዲዮዋን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ በሩን መለስ አድርገው።

ወደ ረዳቱ እንመለስ። ከተጫነ በኋላ ጎበዝ ሆኖ ተገኘ፣ ሐሰት አልናገርም። ጸደንያ «የዜማ ዝርዝር የሚያሳይ ገጽ ሥራልኝ» ብላ ስትጽፍ፣ እሷ እጇን ታጥባ እስክትመለስ ገጹ ደርሶ ይጠብቃታል። አማርኛው ብቻ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። አንድ ቀን መርጌታ ከኋላዋ ቆመው አነበቡት።

«ምን እያለሽ ነው?»

«'በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ልክ ነሽ' ይላል።»

«ትናንትስ ምን አለሽ?»

«ያው... ልክ ነሽ ነው ያለኝ።»

«ትናንት ሌላ ነገር አልነበር እንዴ ያዘዝሽው?»

«አዎ፣ የዛሬው የትናንቱን የሚያፈርስ ነው» አለች እየሳቀች።

መርጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ተማሪሽ እኔ ጉባኤ ቢሆን ሳምንት አይሰነብትም ነበር። ተማሪ እኮ ይከራከራል። ያልገባውን ይጠይቃል። ይሄ ሁሉን እሺ ባይ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለውን እፈራለሁ።»

እንደ እውነቱ ከሆነ ረዳቱ መጀመሪያ ላይ ይጠይቅ ነበር። ይህን ፋይል ልክፈት? ይህን ልቀይር? ይህን ትእዛዝ ላስኪድ? በየደቂቃው ፈቃድ፣ በየደቂቃው «እሺ»። ጸደንያ ሁለት ቀን ታገሠችው። በሦስተኛው ቀን መብራት ሊሄድ ባትሪው ሲያንስ፣ እሱም ለሃያኛ ጊዜ «ልቀጥል?» ሲላት ደሟ ፈላ። «ኤዲያ! አሁንስ በዛ» ብላ «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ተጫነችው። ከዚያ ወዲያ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ እሷም ምነው ቀድሜ በተጫንኩት አለች።

ደሴ የሚኬድበት ሰኞ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀር፣ ረቡዕ ማለት ነው፣ ፕሮግራሙ ሊያልቅ አንድ ችግር ብቻ ቀረው። ከበደ። የድምፁ ፋይል ተጠራቅሞ ተራ ስልክ አልሸከምም አለ። ጸደንያ ዶሮው ያበላሻቸው ዘጠኝ ድጋሚዎች ትዝ አሏት። እነሱን አውጥታ የቀረውን ብታሳንስ ይበቃል። አንድ በአንድ ከመፈለግ ብላ ለረዳቱ ጻፈችለት፦ «የተደጋገመውን ፋይል አንዱን አስቀርተህ ሌላውን አጥፋ።» ሻይ ልታፈላም ተነሳች።

ልብ በሉ። እሷ ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድ እየሰማች ነው ያደገችው። ለእሷ አንድ ቃል በአራት መንገድ ሲባል አራት ነገር ነው፤ ድጋሚ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሊኖር እንደሚችል እንኳ አልመጣላትም። ስለዚህም ለረዳቱ አልነገረችውም። ረዳቱ ደግሞ ጆሮ የለውም፤ ያለው ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ ላይ በእያንዳንዱ ቅጂ ትይዩ ቃሉ ተጽፏል፤ ቃሉ ያው ነው፤ ያው ከሆነ ተደጋግሟል።

ሻይዋን ይዛ ስትመለስ መልእክቱ ይጠብቃታል። «ተጠናቋል! 321 ተደጋጋሚ ፋይሎች ተወግደዋል፤ 104 ቀርተዋል። ፕሮግራሙ አሁን በጣም ቀሏል።»

ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጠችው አታውቅም። ማህደሩን ከፈተች፤ ቁም፣ ቁም፣ ቁም፣ ቁም፣ ብቻ። ዝማሜ የለም። መረግድ የለም። ያ ጉልበታቸውን እየመቱ፣ ላባቸው እየወረደ ያስቀዱት ጽፋት አንድም የለም። የቆሻሻ መጣያውን ፈለገች፤ ባዶ። በትእዛዝ የጠፋ ነገር እዚያ አያርፍም። የኮዱ መጠባበቂያ ቅጂ አለ፤ ድምፁ ግን ከባድ ነው ተብሎ ከዚያ ውጭ እንዲሆን የተደረገው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ማን መከረ? እሱው!

«ምን አደረግህ?!» ብላ ጻፈች።

«ልክ ነሽ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከማጥፋቴ በፊት ማረጋገጥ ነበረብኝ» አላት።

ልክ ነሽ አላት እኮ! ላፕቶፑን አንስታ ለዶሮው ልትወረውርለት ምንም አልቀራት።

እንደገና ይቀዳ እንዳይባል ጊዜም አልነበረም። ጊዜው ቢኖርም ሐኪሙ በመጨረሻው ሳምንት ጉሮሯቸውን እንዲያሳርፉ አዟል፤ መርጌታ ከእሑድ ጀምሮ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። ሰኞ ደሴ፣ ማክሰኞ ቢላዋ። ከዚያ ወዲያ ያ ድምፅ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ጸደንያ ጫማዋን በግራና ቀኝ አማታ ተጫምታ እየሮጠች ሀሊማ ዘንድ ደረሰች።

ሀሊማ ነገሩን ሰምታ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሳች። አንድ ሰዓት ያህል ፈለጉ። ከተገኘው አብዛኛው ቁርጥራጭ ነበር፤ አንዱን ሲከፍቱት ሦስት ሰኮንድ ተሰምቶ ተንጫጫና ዝም አለ።

«ካርዱስ? ፍላሼስ?» አለች ጸደንያ።

«በየሳምንቱ ስንጠርጋቸው አይደል የኖርነው።»

«ያንቺ ኮምፒውተር?»

«እሱማ በሰው ዘፈን ተጥለቅልቆ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የማጸዳው።» ሀሊማ ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ምነው?»

«ምንም። ለአባትሽ ንገሪያቸው።»

«አብደሻል? በአምስት ቀን ውስጥ ሰውነቱ ሊቀደድ ላለ ሰው ድምፅህን አጠፋሁት ልበለው?»

«ንገሪያቸው አልኩሽ። ዛሬውኑ። እኔ ቃል አለብኝ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም።»

«የምን ቃል ነው ደግሞ?»

«አብሽሪ፤ ሂጂ» ብላ በትከሻዋ ይዛ ከሱቁ አስወጣቻት።

መርጌታ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ሬዲዮዋ ጋቢያቸው ውስጥ ናት። ጸደንያ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልወጣም። «አባየ፣ አጠፋሁት» አለችና አለቀሰች። ከዚያ እንደምንም ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እሺ እሺ ማለት ሰልችቷት ሁልጊዜ ፍቀድ እንዳለች፣ ያዘዘችውን፣ ያላስረዳችውን።

«ስንት?» አሉ በሹክሹክታ።

«ሦስት መቶ ሃያ አንድ።»

«የቀረውስ?»

«ቁሙ ብቻ።»

«ጽፋቱም ሄደ?»

«ጽፋቱም።»

መርጌታ የጋቢያቸውን ጠርዝ ይዘው ይፈትሉት ጀመር። ቀና ብለው አጥሩን አዩ፣ ወደ ጓዳው በር አዩ፣ ዶሮውን ሳይቀር አዩ፤ እሷን ብቻ አላዩም። ጸደንያ ሐዘናቸው መሰላት። ኋላ ነው የገባት፤ ሰውየው አፍረው ነበር።

«ዜና አልነበረም» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

ሬዲዮዋን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡና ጭኗ ላይ አስቀመጧት። የሬዲዮዋ ጎን ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀይ ፍላሽ ተሰክታለች። «ሀሊማን ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ አስምዬያት ነው። ካርዱን በወሰድኩ ቁጥር ለእኔም ትገለብጥልኝ ነበር። ሁሉም አለ።»

ጸደንያ ፍላሿን አየች፣ አባቷን አየች። «ውዳሴ ከንቱ ነው አላሉም?»

«ብያለሁ። ለተማሪዎቼም ስል ነው የኖርኩት።» ጉሮሯቸውን በእጃቸው ያዙ። «ፈርቼ ነው ልጄ። ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ሳቀና የራሴን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ያ ሐኪም ሲነግረኝ፣ ከሄደ ምን እንደሚመስል እንኳ ሳላውቀው ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ። ልሰናበተው ብዬ ነው።»

ጸደንያ አንገታቸው ላይ ልትጠመጠም ከጅላ፣ እንቅርቱን አስታወሰችና ጉልበታቸውን አቅፋ አለቀሰች። እሳቸውም ራሷን እየዳበሱ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» አሏት። መርጌታ ሲሆኑ፣ እንደ ሀሊማ።

ቀይዋ ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ተሰክታ ተቆጠረች። አራት መቶ ሃያ አምስት፤ ዶሮው የጮኸባቸው ሳይቀሩ። ጸደንያ በሦስት ቦታ ገለበጠችው፤ አንዱን ላፕቶፗ ላይ አስቀረች፣ አንዱን ለሀሊማ ሰጠች፣ አንዱን እናቷ ከጥሎሽ ጌጣቸው ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ከዚያ ረዳቱን ከላፕቶፗ ልታራግፈው ተነሳች። የከለከሏት መርጌታ ናቸው። «ተማሪው አጥፍቷል» አሉ፣ «ያላስተማረው ግን ማን ነው? አንድ ቃል አራት መሆኑን በየት በኩል ይወቀው? ይልቅ ደንብ የምትጽፊበት ቦታ የለውም?»

«አለው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያነበው ፋይል አለ። ባዶውን ነው የተውኩት።»

«በይ ጻፊ።» መርጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጉሮሯቸውን ሳያስጨንቁ፣ በሹክሹክታ አስጻፏት። አንድ ቃል አራት ጊዜ ቢዜም አራት ነው። ያልገባህን ጠይቅ። ስሕተት ስታይ ልክ ነሽ አትበል፤ ተሳስተሻል በል። ሳትጠይቅ አታጥፋ። ጸደንያም በበኩሏ ያንን «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚባል ነገር ፈልጋ ዘጋችው። ለየፋይሉ ፈቃድ መስጠት እንደገና ተጀመረ፤ አሁን ግን አልተቆጣችም።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ በአውቶቡስ ሄዱ። አቀስታ ላይ ብርዱ አጥንት ሲገባ መርጌታ ሬዲዮዋን በነጠላቸው ጠቅልለው አቀፏት፤ ይበርዳት ይመስል። ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ተሠራ። እንቅርቱ ወጣ፣ ትንፋሻቸው ተከፈተ። ድምፃቸው ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ። ሳምንት ሙሉ ምንም አልወጣም፤ ሲወጣም ሻካራ ሆኖ፣ ከፍ ሲሉ የሚሰነጠቅ፣ የሌላ ሽማግሌ ድምፅ። ጸደንያ የሰማች ቀን ወደ ውጭ ወጥታ ተመለሰች። መርጌታ አይተዋታል።

ከሁለት ወር በኋላ በግቢያቸው ተማሪዎቹ ተሰብስበው፣ ጸደንያ ፕሮግራሙን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝታ ከፈተችላቸው። የድሮው ድምፅ ግቢውን ሞላው። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያዳምጥ ጀመር፤ እትዬ አበዛሽም በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። መረግዱ አልቆ ጽፋቱ እንደ ጀመረ መርጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ።

«አቁሚው! ይሄ ሰውዬ ቸኩሏል።»

«የቱ ሰውዬ?» አለች ጸደንያ ደንግጣ።

«እሱ ነዋ። ሳዳምጠው ሰንብቼ ነው የያዝኩበት። ድምፁ ደህና ነው፤ ግን እዚህች ጋ ሳይደርስ ይገባል። እንዲህ ቢማሩት ሁሉም ይሳሳታሉ። ስልክሽን አምጪ።»

ስልኩ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። መርጌታ ቆሙ፤ በዚያ ሻካራና በሚሰነጠቅ ድምፃቸው፣ ጉልበታቸውን እየመቱ ጽፋቱን ከሥሩ አስኬዱት። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ዘለሉትና ቀጠሉ። ዶሮውም እንደ ልማዱ መሀል ላይ ጮኸ። ማንም አላባረረው።

ጸደንያ ቅጂውን ላፕቶፑ ላይ አስገብታ «ይህንን ወደ ዝርዝሩ ጨምር» ብላ ጻፈች። ረዳቱ ትንሽ ቆይቶ መለሰላት፦ «በዚሁ ቃልና በዚሁ መንገድ የተዜመ፣ ቀደም ብሎ የገባ ቅጂ አለ። አዲሱን በቀድሞው ቦታ ልተካው? ወይስ ሁለቱም ይቆዩ? ሳትነግሪኝ ምንም አላጠፋም።»

መርጌታ ከኋላዋ ቆመው እያነበቡ ነበር። «አየሽ፣ ጠየቀ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

ጸደንያ «ሁለቱም ይቆዩ» ብላ ጻፈች።